ፓስታ፣ ኑድል፣ ዳምፕሊንግ፦ ዘመድ ከባዳ በምን ይለያል?

ደብረ ብርሃን ሱቅ ገብታችሁ «ፓስታ ስጠኝ» ካላችሁ የሚሰጣችሁ ረጅሙን ነው። አጭሩንና ቀዳዳ ያለውን ከፈለጋችሁ «መኮሮኒ» ትላላችሁ። ቶሎ የሚደርሰው፣ ቅመሙ በትንሽ ከረጢት የታሸገው ደግሞ «ኢንዶሚ» ነው። ሌላ ፋብሪካ ቢሠራውም ስሙ ያው ነው። ለሱቅ ይህ አከፋፈል ይበቃል። ባለሱቁም አይሳሳትም፣ እናንተም ያሰባችሁትን ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

ችግሩ የሚመጣው ከሱቁ ውጭ ነው። አሁን አሁን ስልካችን ላይ የማናየው ምግብ የለም። የጆርጂያ ኪንካሊ አለ፣ የቻይና ጂያኦዚ አለ፣ የጃፓን ሶባ፣ የጣሊያን ቶርቴሊኒ፣ የኔፓል ሞሞ። ሶባው የሊጥ ክር ነው፤ ሌሎቹ ውስጣቸው ነገር የተጠቀለለባቸው ሊጦች ናቸው። እነዚህን ለመለየት ስንሞክር ቶሎ የምንይዘው ቅርጻቸውን ነው። ረጅም ከሆነ ኑድል፣ ድቡልቡል ከሆነ ዳምፕሊንግ፣ ጣሊያን ከሠራው ፓስታ።

ቅርጽ ግን ከሁሉም የባሰ መለያ ነው። ስፓጌቲና ቢራቢሮ የሚመስለው ፋርፋሌ በመልክ አይገናኙም፤ ሊጣቸው ግን አንድ ሊሆን ይችላል። ከማሾ የሚሠራ ቀጭን ኑድልና ከስንዴ የሚሠራ ቀጭን ፓስታ ደግሞ ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ አሠራራቸው ሲታይ ግን የሚያገናኛቸው ነገር ትንሽ ነው። በዚያ ላይ የጣሊያን ብቻ እንኳ ቅርጹ በመቶ ይቆጠራል። ሁሉንም በቅርጽ ልመድብ ያለ ሰው ሲቆጥር ይመሽበታል።

እኔ የምመርጠው ሳህኑ ላይ ያለውን ምግብ ራሱን መጠየቅ ነው። በምን በሰለ? ሊጡን ምን ያዘው? ቅርጹን እንዴት አገኘ? ውስጡስ ምን አለ? ቅርጽ ሦስተኛ ላይ መምጣቱን ልብ በሉልኝ።

መጀመሪያ ውሃው

ይህ ቤተሰብ የሚታወቀው በአበሳሰሉ ነው። ዱቄት ይለወሳል፣ ሊጡ ቅርጽ ይይዛል፣ ከዚያ በፈላ ውሃ ወይም በእንፋሎት ይበስላል። ሦስቱ በዚሁ ቅደም ተከተል መምጣት አለባቸው።

በዚህ መስፈርት ቤታችን ያለውን ብናጣራው አብዛኛው ይወጣል። ቂጣና አነባበሮ ሊጥ ናቸው፤ የሚበስሉት ግን ምጣድ ላይ ነው። ዳቦ ቆሎም እሳቱ ደረቅ ነው። ገንፎ በውሃ ይበስላል፤ ነገር ግን ውሃው ውስጥ የገባው ዱቄቱ እንጂ ቅርጽ የያዘ ሊጥ አይደለም። ቅንጬ ጭራሽ ሊጥ ሆኖ አያውቅም፣ የተሸረከተ እህል ነው። በሶ ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቷል፤ ከተለወሰ በኋላ እሳት አያይም። የትግራይን ጥህሎ ድቡልቡል ስለሆነ ዳምፕሊንግ የሚሉት ሰዎች አሉ። እኔ የበሶ ወገን አደርገዋለሁ።

ታዲያ ከአገራችን ማን ይገባል? ወደ ደቡብ ውረዱ። ኮንሶና ደራሼ አካባቢ ኩርኩፋ የሚባል ምግብ አለ። የበቆሎ ወይም የማሽላ ዱቄት ተለውሶ በእጅ ይድቦለቦላል፤ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ይቀቀላል። ይህ ያለ ምንም ክርክር ዳምፕሊንግ ነው። «ኢትዮጵያ ዳምፕሊንግ የላትም» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው።

በነገራችን ላይ የቲቤት ሰዎችም እንደኛ ደጋ ላይ ገብስ ያመርታሉ። ቆልተው፣ ፈጭተው፣ በሻይና በቅቤ ለውሰው በእጃቸው ጨብጠው ይበሉታል። ጻምፓ ይሉታል። መንዝ የመጣ ቲቤታዊ በሶ ቢቀርብለት የሚደነግጥ አይመስለኝም። ሞሞ ወይም ኑድል ሲያምራቸው ግን ገብሱን ትተው ስንዴ ያነሳሉ። ምክንያቱ ሊጡ ውስጥ ነው።

ሊጡን ምን ያዘው?

የስንዴ ዱቄት ውሃ ሲነካው ግሉተኒንና ግሊያዲን የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ይገናኛሉ። አንዱ ሊጡ ሲሳብ ወደ ቦታው እንዲመለስ ያደርጋል። ሌላው ሳይበጠስ እንዲሳብ ይፈቅዳል። ሲጣመሩ ግሉተን ይባላሉ። መንዝ ውስጥ የበግ ፀጉር ሲፈተል ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ አጭር አጭሩ ፀጉር ሲጠማዘዝ እየተያያዘ ረጅም ክር ይወጣዋል። ገብስም የራሱ ፕሮቲን አለው፤ ይህን የመሰለ ጠንካራ ትስስር ግን አይፈጥርም። የገብስ ሊጥ ብትስቡት ይበጠስባችኋል። ጤፍም ያው ነው። ስለዚህ የሸዋ ደገኛ በገንፎ፣ በበሶ፣ በቆሎና በጠላ መራቀቁ አይገርምም። እህሉ ራሱ ወደዚያ ይመራል።

ስንዴም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞሶም አለው፣ ዱረም የሚባለው የፓስታ ስንዴ 28። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም፣ ወጥ ቤት ድረስ ይመጣል። የዱረም ፍሬ ጠንካራ ነው። ሲፈጭ እንደ ፊኖ ዱቄት አይልምም፣ ሴሞሊና የሚባል ሻካራ፣ ቢጫ ፍርፋሪ ይወጣዋል። ሊጡ ግትር ነው፤ ብዙ አይሳብም፣ በቀላሉም አይፈርስም። ስለዚህ በኃይል ተገፍቶ በቀዳዳ ብረት ያልፋል፣ ቅርጹን ይይዛል፣ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ የፈላ ውሃ ቢገባም ቅርጹን አይለቅም። የዳቦ ስንዴ ሊጥ ግን ለስላሳ ነው። በእጅ ለመሳብም፣ በስሱ ተዳምጦ አንድ ነገር ለመጠቅለልም ይመቻል።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ደቡብ ጣሊያን በዱረምና በውሃ፣ ደረቅ ፓስታ ነው ባህሉ። ሰሜኑ፣ በተለይ ቦሎኛ ያለችበት አካባቢ፣ ለስላሳ ስንዴ በእንቁላል ለውሶ በመዳመጫ ይዘረጋል። እንቁላሉ ዱረም የሚሰጠውን ጥንካሬ በከፊል ይተካል። ቻይናም የምትሠራው በለስላሳ ስንዴ ነው። እንግዲህ በሊጥ ከመደብን ትልቁ ድንበር የሚያልፈው በጣሊያንና በቻይና መካከል አይደለም። ጣሊያንን መሃል ለመሃል ይከፍላታል። የቦሎኛ ሴት ሊጥ ስትዳምጥ ከኔፕልስ የፓስታ ፋብሪካ ይልቅ የምትቀርበው ለቤጂንግ ወጥ ቤት ነው።

ጣሊያኖች በዱረም ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ሕግ አገራቸው ውስጥ የሚሸጥ ደረቅ ፓስታ ከዱረም ብቻ እንዲሠራ አዘዙ። በ1988 የአውሮፓ ፍርድ ቤት «ከሌላ አባል አገር የሚገባውን በዚህ ሕግ ማገድ አትችሉም» ብሏቸዋል። የራሳቸውን አምራቾች ግን ዛሬም ያስገድዳሉ። ለእኛ ቤት የሚተርፈው ትምህርት ቀላል ነው። «ፓስታው ገንፎ ሆነብኝ» የምትል እመቤት ሁልጊዜ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ከዳቦ ስንዴ የተሠራ ደረቅ ፓስታ ትንሽ ሲቆይ የዱቄቱን ዋና ክፍል፣ ስታርቹን፣ ውሃው ውስጥ ይለቃል፣ ይላቁጣል። ፓኬቱ ላይ «ዱረም» ወይም «ሴሞሊና» የሚል ካለ ተስፋ አድርጉ።

የሚገርመው ዱረም ለእኛ ባዕድ አለመሆኑ ነው። በመካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ ዋልካ መሬት ላይ ከጥንት ጀምሮ ሲዘራ ኖሯል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴውን ዓይነት ብዛት ሲያይ ተደንቋል። ፍሬው ወይን ጠጅ የሚመስለው ጥቁር ስንዴ ከዚሁ ወገን ነው። መገኛው በኋላ እንደታወቀው መካከለኛው ምሥራቅ ነው፤ በዓይነት ብዛት ግን ኢትዮጵያ ከዓለም ግንባር ቀደም ናት። አያቶቻችን የፓስታውን ስንዴ እጃቸው ላይ ይዘው ዳቦ ጋገሩበት፣ ንፍሮ ቀቀሉት፣ ቆሎ ቆሉት። ፓስታና ስጎ ጣሊያኖች ይዘዋቸው የመጡ ናቸው፤ ጣርማበርን በስተው መንገድ ያሳለፉት እነዚያው።

ግሉተን የሌለው ኑድልስ? አለ፣ ብዙም ነው። የሚይዘው ስታርች ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ይበቅላል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ቆላው ማሾ ያመርታል፤ አብዛኛው ለውጭ ገበያ የሚሄድ ነው። ምሥራቅ እስያ ውስጥ የማሾ ስታርች ተለይቶ ይወጣል። ጥቂቱ በሙቅ ውሃ እንደ ሙጫ ይበስላል፤ ከቀሪው ጋር ይለወሳል፤ በቀዳዳ ወደ ፈላ ውሃ ይወርዳል፤ ከዚያ ይቀዘቅዛል። ስታርች በስሎ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠነክራል። እንጀራ ሲያድር የሚደርቀው በዚሁ ጠባይ ነው። እንጀራ ላይ የምንጠላው ነገር እዚህ ኑድሉን ይይዘዋል። ሲቀቀል ብርጭቆ መስሎ ወዲያ ማዶ ያሳያል። የሩዝ ኑድልም፣ የኮሪያ የስኳር ድንች ኑድልም እዚህ ይገባሉ። ቻይናዎች ራሳቸው የስንዴውን «ሚየን»፣ የሩዝና የስታርቹን «ፈን» ብለው የሚለዩት በዱቄቱ እንጂ በርዝመቱ አይደለም።

ይህ የሊጥ ጥያቄ ለአርኪዮሎጂም ራስ ምታት ሆኗል። ሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ ላጂያ በሚባል ቦታ፣ ተገልብጦ አፈር ውስጥ በቀረ ሳህን ሥር 4,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ኑድል ተገኘ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። ተመራማሪዎቹ «የተሠራው ከሚሌት ነው» አሉ፤ ሚሌት የዳጉሳ ዓይነት ጥቃቅን እህል ነው። ሌሎች ተነሡና «ሚሌት ግሉተን የለውም፤ እንዴት እንደዚያ ረዘመ?» ብለው ተከራከሩ። በቀዳዳ ተገፍቶ ከሆነ ሊሆን ይችላል፣ በእጅ ተስቦ ከሆነ ግን ከባድ ነው።

ማን ከማን ተወለደ?

ብዙ ሰው ምደባ ሲባል ትውልድ መቁጠር ይመስለዋል። «ማርኮ ፖሎ ከቻይና ይዞት መጣ» የሚለው ወሬ ከዚህ ይመጣል። ወሬ ነው። ማርኮ ፖሎ ቬኒስ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1295 ነው። በ1279 ግን ጄኖዋ ውስጥ የአንድ ወታደር ንብረት ሲመዘገብ አንድ ዕቃ ሙሉ መኮሮኒ ተቆጥሯል። ከዚያም በፊት፣ በ1154፣ የመልክዓ ምድር ጸሐፊው አል ኢድሪሲ ሲሲሊ ውስጥ ፓሌርሞ አጠገብ ኢትሪያ የሚባል የደረቀ የሊጥ ክር በብዛት ተሠርቶ በመርከብ እንደሚላክ ጽፏል። ዱቄትና ውሃ ያለው ሕዝብ ሁሉ ራሱ ሊደርስበት የሚችለውን ነገር አንድ አባት መፈለግ አድካሚ ነው።

ቅርጹ

እዚህ ብዙ አልቆይም። ሊጥ ክር የሚሆንበት መንገድ ጥቂት ነው። ይሳባል፣ ይቆረጣል፣ ይገፋል፣ ይላጫል፣ ይንጠባጠባል። በመሳብ የታወቁት የቻይና ላንጆ ሰዎች ናቸው። አንዱን ክር ያጥፉታል ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት፤ ስምንተኛው እጥፋት ላይ 256 ይደርሳል። ሊጡ እንዲህ እንዲታዘዝ አልካላይ ጨው ያለበት ውሃ ይጨምራሉ። የጃፓን ራመን ቢጫ የሚለውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ እንጂ በእንቁላል አይደለም። መላጨቱ ሻንሺ የሚባለው የቻይና ክፍለ ሀገር ሙያ ነው። ሊጡን በክንድ ይዘው በቢላ እየላጩ ወደሚፈላው ድስት ያስፈነጥሩታል። ማንጠባጠቡ ደግሞ ጀርመኖች ሽፔትስሌ ለሚሉት ኑድላቸው የሚጠቀሙበት ነው።

ኢንዶሚ የምንለው ዘር የመጣው ከጃፓን ነው። ሞሞፉኩ አንዶ እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ ሲያቀርበው ብልሃቱ ቅርጹ ላይ አልነበረም፣ ማድረቂያው ላይ ነበር። በእንፋሎት የበሰለውን ኑድል ዘይት ውስጥ ጠበሰው። ውሃው እየተነነ ሲወጣ ጥቃቅን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። የፈላ ውሃ ስታፈሱበት በእነዚያ ቀዳዳዎች ይገባል፤ ቶሎ የሚደርሰውም ለዚህ ነው።

ቅርጽን ከምር ለሚወዱ ሰዎች አንድ ልተውላቸው። ቦሎኛ ውስጥ የታሊያቴሌ ስፋት እ.ኤ.አ. በ1972 በንግድ ምክር ቤቱ ተመዝግቧል፤ ሲበስል 8 ሚሊ ሜትር። በማስመሪያ ምግብ የሚለካ ሕዝብ ማክበር ነው እንጂ ምን ይባላል።

ውስጡ ምን አለ?

ዳምፕሊንግ ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለው ይመጣሉ። አንዱ ውስጡ ምንም የሌለው ድፍን ሊጥ ነው። የጣሊያን ኞኪ፣ የኦስትሪያ ክኖድል፣ የእኛው ኩርኩፋ። ሌላው ተጠቅልሎ የታሸገው ነው። ጂያኦዚ፣ ሞሞ፣ ኪንካሊ፣ የሩሲያ ፔልሜኒ፣ የፖላንድ ፒየሮጊ፣ ራቪዮሊ፣ ቶርቴሊኒ። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ለእኔ አይዋጥልኝም።

የታሸገውን ወገን ደግሞ «ጣሊያን ከሆነ ፓስታ፣ እስያ ከሆነ ዳምፕሊንግ» ብሎ መክፈል የካርታ ሥራ ነው። በስሱ የተዳመጠ ሊጥ፣ መሃሉ ላይ የተቀመጠ ነገር፣ የተጫነ ጠርዝ፣ የፈላ ውሃ። ራቪዮሊና ጂያኦዚ በዚህ ሁሉ አንድ ናቸው። ልዩነት ከፈለጋችሁ ከአገሩ ይልቅ ውስጡ የሚገባው ጥሬ ነው ወይስ የበሰለ ብላችሁ ጠይቁ። ፔልሜኒ ጥሬ ሥጋ ይገባበታል። የሳይቤሪያ ሰው ክረምት ላይ ሠርቶ ደጅ ያስቀምጠውና በረዶ ይሆንለታል። (የደብረ ብርሃን ብርድ የቱንም ያህል ቢወራለት ለዚህ አይበቃም።) ኪንካሊም ጥሬ ሥጋ ነው። ሲበስል መረቁ ውስጡ ስለሚጠራቀም መጀመሪያ ነክሶ መምጠጥ ግድ ነው፤ በሹካ የወጋው ሰው ሸሚዙን ያበላሻል። የሻንጋይ ሺያዎሎንግባዎ መረቅ ግን በሌላ ዘዴ ነው የሚገባው። ቀዝቅዞ የረጋ የአጥንት መረቅ ከሥጋው ጋር ይጠቀለላል፣ በእንፋሎቱ ይቀልጣል። ፒየሮጊ ብዙውን ጊዜ የበሰለ ድንችና አይብ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚቆየው ሊጡ እስኪደርስ ብቻ።

በስም እንዳትወሰዱ። ከኮሪያ ማንዱ እስከ ቱርክ ማንቲ ድረስ በመንገዱ ሁሉ ተቀራራቢ ስም ያለው የታሸገ ምግብ ታገኛላችሁ። ቻይና ስትደርሱ ግን ማንቶ የሚባለው ዛሬ በአብዛኛው ውስጡ ባዶ የሆነ፣ በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ ነው። ይህን ከእኛ ህብስት ጋር አስቀምጡት። እርሾ ገብቶበት ኩፍ ያለ ሊጥ በእንፋሎት ቢበስልም፣ ውስጡ ሥጋ ቢኖረውም እንኳ፣ እኔ ወደ ዳቦው ክፍል ነው የምመልሰው። ሥጋ ያለበትን፣ ባኦዚ የሚባለውን የሚወዱ ይቅር ይበሉኝ።

ሳንቡሳስ? አሠራሩ አንድ በአንድ የታሸገው ወገን ነው፤ ሊጥ፣ ምስር ወይም ሥጋ፣ የተጣበቀ ጠርዝ። ዘይት ውስጥ ስለሚገባ ግን የውሃውን በር አያልፍም። የአጎት ልጅ ነው እንበል። ላዛኛ ደግሞ በውሃው በር ያልፋል፣ ግን አይታሸግም። ንብርብር ነው፤ በአወቃቀሩ ከራቪዮሊ ይልቅ አነባበሮን ይመስላል።

ለፆመኛ ይህ ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይጠባል፤ የፍስክ ነው የፆም? ከዱረምና ከውሃ ብቻ የተሠራ ደረቅ ፓስታ የፆም ነው። የሰሜን ጣሊያን ታሊያቴሌ እንቁላል ስላለበት የፍስክ ነው። አንዳንድ ደረቅ ኑድልም እንቁላል አለበት፤ ከቀለሙ አይታወቅም፣ ፓኬቱን ማንበብ ነው። የኢንዶሚ ዓይነቶቹ ላይ ደግሞ ከሊጡ ይልቅ የቅመሙን ከረጢት ጠርጥሩ፤ የዶሮ ጣዕም የሚል ከሆነ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው እዩት።

ከፍታው

ፓኬት ላይ የሚጻፈው ደቂቃ ለቆላ ነው ብትሉ አትሳሳቱም። በባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ ውሃው በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ በ91 ዲግሪ ገደማ። መሐል ሜዳ ከፍ ስለሚል ዲግሪው ከዚያም ያንሳል። እሳት ብትጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስታርች ከዚህ በታች ባለ ሙቀትም ስለሚበስል ፓስታው መድረሱ አይቀርም፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። በፓኬቱ ላይ 9 ደቂቃ ካለ ደብረ ብርሃን ላይ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩና ቅመሱት።

የበሰለ ነገር የተጠቀለለበት ከሆነ ሊጡ ሲደርስ አበቃ። ጥሬ ሥጋ ያለበትን ግን እንደ ቆላ ሰው አታስቡት። ብዙ የምግብ አሠራር «ወደ ላይ ሲንሳፈፍ አውጡት» ይላል። እዚህ ደጋ ላይ ከተንሳፈፈ በኋላም ትንሽ አቆዩት። ከዚያ አንዱን አውጥታችሁ መሃሉን ቁረጡ፤ ሥጋው ቀይ ከሆነ ሌሎቹ ድስቱ ውስጥ ይቆዩ።